ሞተር ሳይክል በፎርዛ ሆራይዘን 6፦ ምኞትን እንደ ማስረጃ ላቀረበው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ፎርዛ ሆራይዘን 6 የተባለው የመኪና ውድድር ቪዲዮ ጨዋታ መቼቱን ጃፓን አድርጎ በ2026 እንደሚወጣ በሴፕቴምበር 2025 በቶኪዮው የጌም ትርዒት ላይ ከተነገረ ጊዜ አንሥቶ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)፣ የመጀመሪያው ሆራይዘን ከወጣበት ከ2012 ጀምሮ በዚህ ተከታታይ ጨዋታ ተጫዋቹ እንዲነዳቸው ቀርበው የማያውቁት ሞተር ሳይክሎች በዚህኛው ይገባሉ የሚለው ግምት ከአድናቂዎች አፍ አልጠፋም። ሰሞኑን ያነበብኩት አንድ ሰፊ ጽሑፍ ግን ግምቱን ከግምትነት አውጥቶ «መግባታቸው አይቀርም» እስከ ማለት አድርሶታል። ጸሐፊው ያቀረቧቸው ምክንያቶች እነዚህ ናቸው፦ ጃፓን የአራት ታላላቅ የሞተር ሳይክል አምራቾች አገር መሆኗ፣ ሌሎች የመኪና ውድድር ጨዋታዎች ከዚህ ቀደም ሞተር ሳይክል ማስገባታቸው፣ በፎርዛ ውስጥ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪዎች መታየታቸው፣ ከሆንዳ፣ ከሱዙኪና ከቢኤምደብሊው ጋር የፈቃድ ውል አስቀድሞ መኖሩ፣ የዛሬዎቹ የጨዋታ ማሽኖች አቅም መጨመሩ፣ በመጨረሻም እስካሁን አለመታየታቸው የለም ማለት እንዳልሆነ። በማሳረጊያቸው ደግሞ ይህን የሚጠራጠር ሰው ለሞተር ሳይክል ፍቅር የሌለው ነው ብለዋል።

የማሳረጊያውን ነገር ላስቀድም፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለው ንግግር ክርክሩን ገና ሳይጀመር ይዘጋዋል። ቱሪስት ትሮፊ የተባለውን የፕሌይስቴሽን 2 የሞተር ሳይክል ጨዋታ ለዓመታት ስጫወት ኖሬአለሁ፤ ራይድ የተባሉትን ተከታታይ የሞተር ሳይክል ጨዋታዎችም እስከ አምስተኛው ድረስ ተከትያለሁ። በሰፊ ካርታ ላይ፣ እንደ ሆራይዘን ባለ የተዋበ ዓለም ውስጥ፣ በደንብ የተሠራ ሞተር ሳይክል መንዳትን ከምመኛቸው ነገሮች በላይ አደርገዋለሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም በዚሁ ፍቅር ምክንያት ነው። ደካማ ምክንያት ላይ የቆመ ተስፋ ጨዋታው በሚወጣበት ቀን ይፈርሳል፤ ሲፈርስም ቁጣው የሚያርፈው ምንም ቃል ባልገባ ጨዋታ ላይ ይሆናል፤ ጥያቄያችንም የሚያስቡበት ሰዎች ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ በየጨዋታው መውጫ የሚነሣ ጫጫታ ተደርጎ ይታያል።

በጽሑፉ ውስጥ ትልቁን ክብደት የተሸከመችው ጃፓን ናት። ሆንዳ፣ ያማሃ፣ ካዋሳኪና ሱዙኪ የጃፓን ናቸው፤ ሆንዳ ያሠራው የሱዙካ መወዳደሪያ ከ1962 ጀምሮ አለ፤ ከ1978 ወዲህ በዚያ የሚካሄደው የስምንት ሰዓት የሞተር ሳይክል ውድድርም ዓለም የሚያውቀው ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ የጃፓን ጠባብና ጠመዝማዛ የተራራ መንገዶች ለሞተር ሳይክል የተሠሩ እስኪመስሉ ድረስ የሚስማሙ መሆናቸውንም አልክድም። ነገር ግን ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው የደረሱበት መደምደሚያ፣ ማለትም አገሩ የሞተር ሳይክል አገር ከሆነ በጨዋታው ውስጥ ሞተር ሳይክል መኖሩ የግድ ነው የሚለው፣ በዚሁ በሆራይዘን ታሪክ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተፈትኖ ሁለት ጊዜ ወድቋል።

በ2014 የወጣው ፎርዛ ሆራይዘን 2 መቼቱ ደቡብ ፈረንሳይና ሰሜን ጣሊያን ነበር። ሰሜን ጣሊያን ማለት ዱካቲ፣ ሞቶ ጉዚ፣ ኤምቪ አጉስታና አፕሪሊያ የተወለዱበት ምድር ማለት ነው፤ የአገሩን ክብር በሞተር ሳይክል ማሳየት የሚያስፈልግ ቢሆን ኖሮ ከዚያ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም ነበር። በዚያ ጨዋታ የሚነዳ ሞተር ሳይክል አልነበረም። በ2018 የወጣው ፎርዛ ሆራይዘን 4 ደግሞ ብሪታንያን መቼቱ አደረገ። የትራየምፍና የኖርተን አገር ናት፤ ከዚያም በላይ የጨዋታው ሠሪ ፕሌይግራውንድ ጌምስ የሚገኝባት ሌሚንግተን ስፓም ሆነች ትራየምፍ የሚገኝባት ሂንክሊ ሁለቱም በመካከለኛው እንግሊዝ ያሉ ከተሞች ናቸው። ሠሪዎቹ የገዛ አገራቸውን በጨዋታ ሲሥሉ፣ በደጃቸው ያለውን ታላቅ የሞተር ሳይክል ስም ሳያስገቡ አልፈዋል። ታዲያ በጣሊያንና በብሪታንያ ያልሠራ ምክንያት በጃፓን ይሠራል የሚል ሰው፣ ጃፓንን የተለየች የሚያደርጋት ምን እንደሆነ ማሳየት ይኖርበታል። ጸሐፊው ይህን አላሳዩም። የሆራይዘን አድናቂዎች ጃፓንን ለዓመታት ሲጠይቁ የኖሩትም በአብዛኛው ለመኪና ባህሏ ነው፤ ለተራራ ላይ መንሸራተቱ፣ ለቶኪዮ የሌሊት ፈጣን መንገዶች፣ በአነስተኛ ሞተር ለሚሠሩት ጥቃቅን የከተማ መኪኖቿና በየጋራዡ ለሚቀያየሩት የስፖርት መኪኖቿ።

የሌሎች ጨዋታዎች ምሳሌነት የበለጠ ጉልበት ያለው ነጥብ ስለሆነ ረዘም ያለ መልስ ይገባዋል። ሚድናይት ክለብ 2 በ2003፣ ቴስት ድራይቭ አንሊሚትድ በ2006 መኪናና ሞተር ሳይክልን አንድ ላይ ይዘው ወጥተዋል። በ2007 ለኤክስቦክስ 360 የወጣው ፕሮጀክት ጎተም ሬሲንግ 4 እንዲያውም ሁለቱን በአንድ መስመር አሰልፎ እርስ በርስ አወዳድሯል፤ አሳታሚውም የፎርዛ ባለቤት የሆነው ማይክሮሶፍት ራሱ ነበር። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ጨዋታ ማገናኘት አይቻልም የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል፤ በዚህ ጉዳይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

ይሁን እንጂ ጸሐፊው ስሞቹን ሲዘረዝሩ ሞተር ሳይክሎቹ መቼና በምን መልክ እንደገቡ ዘለውታል፤ የነገሩ ፍሬ ያለው ግን እዚያ ነው። በርንአውት ፓራዳይዝ በጃንዋሪ 2008 ሲወጣ ሞተር ሳይክል አልነበረውም፤ ያገኘው በሴፕቴምበር በተለቀቀ ነጻ ማሻሻያ ነው። ዘ ክሩ በዲሴምበር 2014 በመኪና ብቻ ወጣ፤ ሞተር ሳይክሎቹ የመጡት በኖቬምበር 2015 ዋይልድ ረን ከተባለው ተጨማሪ ክፍል ጋር ነው። ድራይቭክለብ በኦክቶበር 2014 ወጥቶ ባይክስ የተሰኘውን ክፍሉን ያገኘው ከዓመት በኋላ በኦክቶበር 2015 ሲሆን፣ ይህም ክፍል ዋናውን ጨዋታ ላልገዛ ሰው ለብቻው የሚሸጥ ነበር፤ በውስጡም ሞተር ሳይክሎቹ እርስ በርሳቸው እንጂ ከመኪኖች ጋር አይወዳደሩም ነበር። በ2018 የወጣው ዘ ክሩ 2 ከመጀመሪያው ሞተር ሳይክል ይዞ መምጣቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን እርሱ ጀልባና አውሮፕላን ጭምር ያሉበት፣ ተጫዋቹ ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው እየዘለለ እንዲሄድ ከመሠረቱ የታሰበ ጨዋታ ስለሆነ፣ ሞተር ሳይክሉ በመኪና ጨዋታ ላይ የተጨመረ ሳይሆን የጨዋታው አሳብ አካል ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል በጣም የሚያስተምረኝ ግራን ቱሪሞ የተባሉትን የመኪና ውድድር ጨዋታዎች የሚሠራው የፖሊፎኒ ዲጂታል ውሳኔ ነው። ግራን ቱሪሞ 4ን የሠሩት ባለሙያዎች ሞተር ሳይክል ሊሠሩ በፈለጉ ጊዜ፣ የዚያኑ ጨዋታ መሠረትና የመወዳደሪያ ሥፍራዎች ወስደው በ2006 ቱሪስት ትሮፊን ለብቻው አወጡት። መንገዱ ነበራቸው፣ ሆንዳና ሱዙኪ በመኪኖቻቸው በጨዋታው ውስጥ ነበሩ፣ የመንዳት ስሜትን በማስላት ዕውቀት ደግሞ በዘመናቸው ከፊተኞቹ ነበሩ። ሆኖም ሁለቱን በአንድ ጋራዥ አላስገቡም። ከዚያ ወዲህ ግራን ቱሪሞ 5፣ 6፣ ስፖርትና 7 ወጥተዋል፤ ከእነዚህ መካከል ሞተር ሳይክል ይዞ የወጣ የለም። ስለ መንዳት ስሜት አብዝተው የሚጨነቁት ሁለቱን ለዩአቸው፤ ሁለቱን ያዋሃዱት ደግሞ የመንዳቱን ሕግ ለጨዋታው ደስታ ሲሉ አቅልለውታል። ፎርዛ ሆራይዘን በእነዚህ በሁለቱ መካከል የቆመ ጨዋታ ነው፤ ቀላል ይመስላል፣ ከሥሩ ግን ጎማ፣ ክብደትና የመንገድ ዓይነት በጥንቃቄ የሚሰላበት ነው፤ ችግሩም ከዚህ ይመነጫል።

ጸሐፊው ይህን ችግር አያዩትም። በፎርዛ ሆራይዘን 4 ውስጥ ባለ ሦስት እግሮቹ ሞርጋን 3 ዊለርና ፒል ፒ50 መኖራቸውን፣ ሞርጋኑም የሞተር ሳይክል ዓይነት ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ከፊቱ የተሸከመ መሆኑን ጠቅሰው፣ ከአራት ወደ ሦስት የወረደ ጨዋታ ከሦስት ወደ ሁለት ለመውረድ የቀረው አንድ ጎማ ብቻ ነው ይላሉ። አነጋገሩ ያምራል፤ ስሌቱ ግን የተሳሳተ ነው። ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ቆሞ ሲያድር አይወድቅም፤ መሪው ወደ ቀኝ ሲዞር ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ በመታጠፊያ ላይ አካሉ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ነጂው መቀመጫው ላይ እንደ ተቀመጠ ይቆያል። ያም ማለት ጠባዩ የመኪና ነው፤ ለመኪና የተጻፈው ስሌት በጥቂት ማስተካከያ ያገለግለዋል። ሁለት እግር ላይ ስንደርስ ግን የሚለወጠው የጎማ ቁጥር ብቻ አይደለም።

ሞተር ሳይክል የሚታጠፈው በመጋደም ነው። ምን ያህል እንደሚጋደም የሚወስኑት ፍጥነቱና የመታጠፊያው ስፋት ናቸው፤ ሬዲየሱ 50 ሜትር በሆነ ኩርባ ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነጂ ወደ 30 ዲግሪ ገደማ ሲጋደም፣ በዚያው ኩርባ ላይ በ80 የሚሄደው 45 ዲግሪ ድረስ መውረድ አለበት። ፍጥነቱ በ20 ኪሎ ሜትር ሲጨምር መጋደሙ በግማሽ ጨመረ ማለት ነው። ሞቶጂፒ በተባለው የዓለም የሞተር ሳይክል ውድድር ላይ ነጂዎቹ ከ60 ዲግሪ በላይ ወርደው ክርናቸው መንገዱን ሲነካ የምናየው ለዚህ ነው። ለመጋደም ደግሞ መጀመሪያ መሪው ለቅጽበት በተቃራኒው አቅጣጫ መገፋት አለበት፤ ወደ ቀኝ ለመሄድ የፊት ጎማው በጥቂቱ ወደ ግራ ይዞርና አካሉ ወደ ቀኝ ይወድቃል፣ ከዚያም ጎማው ተከትሎ ይይዘዋል። በጨዋታ መቆጣጠሪያ ላይ ያለች አንዲት የአውራ ጣት ዘንግ ይህን ሁሉ በአንድ እንቅስቃሴ እንድትገልጽ ማድረግ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፤ ማይልስቶን የተባለው የጣሊያን ድርጅት ከሞቶጂፒና ከራይድ ጨዋታዎቹ ጋር ለዓመታት የሚደክምበትም ይኸው ነው።

የነጂው አካል ሌላው ጉዳይ ነው። 1,500 ኪሎ ግራም በሚመዝን መኪና ውስጥ የተቀመጠ 75 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ከጠቅላላው ክብደት አምስት በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ያው ሰው 200 ኪሎ ግራም በሚመዝን ሞተር ሳይክል ላይ ሲወጣ ከጠቅላላው ከሩብ በላይ ይሆናል። ወደ ፊት ሲያጎነብስ፣ ወደ ጎን ሲንጠለጠል፣ ፍሬን ሲይዝ ቀና ሲል፣ የሚነዳው ነገር ጠባይ ይለወጣል። ስለዚህ በሞተር ሳይክል ጨዋታ ውስጥ ነጂው ጌጥ ሊሆን አይችልም፤ የማሽኑ ክፍል ነው፤ እንቅስቃሴው ሁሉ መሠራትና መሰላት አለበት። የመቆጣጠሪያው ነገርም እንዲሁ ነው፤ እውነተኛው ነጂ በቀኝ እጁ የፊተኛውን ፍሬን፣ በቀኝ እግሩ የኋለኛውን ፍሬን፣ በግራ እጁ ፍሪሲዮኑን፣ በግራ እግሩ ማርሹን ይቆጣጠራል። ሁለቱን ፍሬኖች ለያይቶ የማይሰጥ የሞተር ሳይክል ጨዋታ ነፍሱ ወጥቷል ብዬ አምናለሁ። ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር ልጨምር፦ ብዙ የፎርዛ ተጫዋቾች የመኪና መሪ የመሰለ መቆጣጠሪያና የእግር ፔዳል ገዝተው ይጫወታሉ፤ በዚያ ዕቃ ሞተር ሳይክል መንዳት ትርጉም የለውም። ሠሪዎቹ ሞተር ሳይክል ያስገቡ ቀን ለእነዚህ ተጫዋቾች የሚሆን መፍትሔ አብረው ማቅረብ አለባቸው።

ከዚያ ደግሞ የሆራይዘን ዓለም ራሱ አለ። በዚህ ጨዋታ ውስጥ መኪና አጥር ጥሶ፣ የድንጋይ ግንብ አፍርሶ፣ ቀጭን ዛፍ ገንድሶ፣ ማሳ አቋርጦ ይሄዳል፤ ጨዋታውም ለዚህ ነጥብ ይሰጣል። መንሸራተትም ያስሸልማል፤ የኋላ ጎማው መንገዱን ለቆ ጭስ ሲያወጣ ተጫዋቹ ይመሰገናል። በሞተር ሳይክል ላይ ያው መንሸራተት ነጂውን የሚያስጥል ነው፤ የኋላ ጎማ ተንሸራትቶ ሳለ ድንገት መንገዱን መልሶ ሲይዝ ነጂውን ወደ ላይ አስፈንጥሮ ይጥለዋል። ይህ በሞተር ሳይክል ውድድር ውስጥ ከሚፈሩት አወዳደቆች አንዱ ነው። አሁን ብዙ መኪኖች ተጋፍተው የሚገቡበትን የሆራይዘንን የመጀመሪያ መታጠፊያ አስቡት፤ በመካከላቸውም አንድ ሞተር ሳይክል አለ። ሠሪዎቹ ያሏቸው ምርጫዎች ጥቂት ናቸው። ነጂው በተነካ ቁጥር ይወድቃል ካሉ፣ ውድድሩ ለእርሱ በመጀመሪያው መታጠፊያ ያበቃል። ምንም ቢነካ አይወድቅም ካሉ፣ ሞተር ሳይክል የመሰለ መኪና ሠሩ እንጂ ሞተር ሳይክል አልሠሩም። ሞተር ሳይክሎቹ ለብቻቸው ይወዳደሩ ካሉ ደግሞ፣ የራሳቸው ውድድሮች፣ የራሳቸው ተፎካካሪዎችና የራሳቸው መንገዶች ያስፈልጓቸዋል፤ ድራይቭክለብ የመረጠው ይህን ነው። ጸሐፊው ከእነዚህ የትኛውን እንደሚጠብቁ ቢነግሩን ኖሮ ክርክሩ ምን ያህል በተሻለ ነበር።

የደረጃ አከፋፈሉም ቀላል አይደለም። ፎርዛ እያንዳንዱን መኪና በአንድ ቁጥር መዝኖ በየደረጃው ይመድበዋል፤ ውድድሩ ሚዛናዊ የሚሆነውም በዚያ ነው። የዛሬ ባለ 1,000 ሲሲ የውድድር ሞተር ሳይክል ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም አንድ የፈረስ ጉልበት ያህል አለው፤ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ብዙ ውድ መኪናዎችን ጥሎ ይሄዳል፣ መታጠፊያ ሲደርስ ግን አራት ሰፋፊ ጎማ ያላቸው ይደርሱበታል። ይህን በአንድ ቁጥር መግለጽ አስቸጋሪ ነው። የሆራይዘን ተጫዋች ሰዓታት የሚያጠፋባቸው የማሻሻያ ሥራዎች፣ ሰፋ ያለ አካል ማልበስ፣ ኃይሉን ወደ አራቱም ጎማ ማዞር፣ ዲፈረንሻል ማስተካከል፣ ለሞተር ሳይክል የማይሆኑ ናቸው፤ በምትካቸው ሌላ የማሻሻያ ዓለም መሠራት አለበት።

ስለ ፈቃድ የተባለው አጭር መልስ ይበቃዋል። የፈቃድ ውል በተለምዶ ለተለዩ ሞዴሎች የሚፈጸም ስለሆነ፣ ከአንድ ድርጅት ጋር ስለ መኪና መስማማት ያ ድርጅት የሚሠራውን ሁሉ ማስገባት አይደለም። ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌም በፎርዛ ውስጥ አለ፦ ኬቲኤም በመላው ዓለም የሚታወቀው በሞተር ሳይክሎቹ ነው፤ ወደ ፎርዛ የገባው ግን ኤክስ ቦው በተባለ ባለ አራት ጎማ መኪናው ነው። ከሞተር ሳይክል አምራች ጋር ውል መፈጸም ሞተር ሳይክል የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ ገና ያኔ ባመጣ ነበር። ስለ ማሽኖቹ አቅም የተነሣው ደግሞ በጸሐፊው በራሳቸው ምሳሌ ይፈርሳል፤ በ2006 በነበሩ ማሽኖች ላይ ሞተር ሳይክል ተሠርቶ ከነበረ፣ እስካሁን የከለከለው የማሽን ድክመት አልነበረም ማለት ነው።

አለመታየታቸው አለመኖራቸውን አያሳይም የሚለው የመጨረሻው ነጥብ ከፊሉ ትክክል ነው። ድራይቭክለብ ባይክስ በፓሪስ የጌም ትርዒት ላይ በተነገረበት በዚያው ቀን ነው ለገበያ የቀረበው፤ እንዲህ ያለ ድንገተኛ ነገር በዚህ ሙያ ውስጥ እንግዳ አይደለም። ነገር ግን አለመታየት መኖርንም አያሳይም። ዝምታን ተስፋ አድርጎ መተርጎም ከተጀመረ፣ ያልተነገረ ነገር ሁሉ እንደሚመጣ ሊቆጠር ነው፤ ተጫዋቹ የሚነዳው ባቡርም አውሮፕላንም አልታየምና።

ስለዚህ ምልክት መፈለግ የሚገባው የት እንደሆነ በግልጽ መነጋገር የተሻለ ይመስለኛል። በማስተዋወቂያ ቪዲዮ ዳር ላይ የቆመ ሞተር ሳይክል የመንገድ ጌጥ ሊሆን ይችላል፤ እርሱን አጉልቶ ማሳየት የትም አያደርስም። ሞተር ሳይክል በእርግጥ እየመጣ ከሆነ ግን መደበቅ የማይቻሉ ነገሮች ይከተሉታል። የተጫዋቹ ገጸ ባሕርይ ሄልሜት፣ ጓንትና የቆዳ ልብስ ይለብሳል፤ በቅንብሩ ዝርዝር ላይ የፊትና የኋላ ፍሬን ተለያይተው ይታያሉ፤ የመሪ መቆጣጠሪያ ለሚጠቀሙ ሰዎች የተለየ ማብራሪያ ይሰጣል፤ ድርጅቱም የሞተር ሳይክል ስሌት ልምድ ያላቸው ባለሙያዎችን ይፈልጋል። ጽሑፉ ከእነዚህ አንዱን እንኳ ጠቅሶ ቢሆን ኖሮ ብዕሬን አላነሣም ነበር።

ደግሞም ታሪኩ በጥሞና ከተነበበ ሌላ መንገድ ያሳያል። በርንአውት፣ ዘ ክሩና ድራይቭክለብ ሞተር ሳይክል ያገኙት ዋናው ጨዋታ ከወጣ ከወራት ወይም ከዓመት በኋላ ነው። ፎርዛ ሆራይዘን ደግሞ የራሳቸው ካርታና የራሳቸው ሕግ ያላቸው ተጨማሪ ክፍሎችን የማውጣት ልማድ አለው፤ በበረዶ ተራራ ላይ፣ በአሻንጉሊት መኪና ሐዲድ ላይ፣ በራሊ መንገድ ላይ ወስዶናል። በ2015 እንዲያውም ከአንድ ፊልም ጋር ተያይዞ የወጣ የፎርዛ ሆራይዘን 2 ክፍል ዋናውን ጨዋታ ለሌለው ሰው ጭምር ለብቻው ቀርቦ ነበር። የራሱ ጠባብ የተራራ መንገዶች ያሉት፣ ሞተር ሳይክሎች እርስ በርሳቸው ብቻ የሚወዳደሩበት፣ የነጂው አካል በትክክል የሚሰላበት አንድ የጃፓን ክፍል ጊዜ ተሰጥቶት ቢሠራ፣ ከቱሪስት ትሮፊ ወዲህ የጎደለንን ይሞላል። ልንጠይቅ የሚገባን ይህን ነው፤ ጥያቄያችንም ሞተር ሳይክል ምን እንደሚፈልግ ከሚያውቁ ሰዎች የመጣ መሆኑ እንዲታይ አድርገን። ጸሐፊው ይህን ጥያቄ በዚህ መልክ ቢያቀርቡት ስሜን ከስማቸው ቀጥሎ አኖራለሁ።